ስልኩን ከመንጠቃችሁ በፊት
ለቢቸናና ለሞጣ የክፍል ኃላፊ መምህራን

ዘጠነኛ ክፍል ሳስተምር ከዴስክ ሥር ስልክ የምትነካካ ልጅ አየሁና ነጠቅኋት። «እናትሽ ከአረብ አገር ስልኩን ስትልክ ትምህርቱንም አብራ የላከችልሽ መሰለሽ?» አልኋት፤ ክፍሉ ሳቀ። ልጅቱ አላለቀሰችም። በማግሥቱ ቀረች፣ በሳምንቱም አልመጣችም። አያቷን አስጠርቼ ስጠይቅ ነው ነገሩ የገባኝ፦ እናትየው ከአሠሪዎቿ ጋር ተጣልታ ከቤት ከወጣች 3 ሳምንት ሆኗት ነበር፣ ድምጿም ጠፍቷል። ልጅቱ ከዴስክ ሥር የምትጠብቀው ኢሞ ላይ ከእናቷ ስም ጎን የምትበራውን አረንጓዴ ነጥብ ነበር።

በስደት ስሙ የገነነው ወሎ ቢሆንም እኛም ዘንድ እናቱ፣ እህቱ ወይም ወንድሙ «የሄደ» ተማሪ የሌለበት ክፍል ማግኘት ይከብዳል። ሴቶቹ ለቤት ሠራተኝነት ወደ አረብ አገር ይሄዳሉ፤ ወንዶቹ በደጀን አድርገው አዲስ አበባ፣ ከዚያ በጅቡቲ ቀይ ባሕርን ተሻግረው በየመን በኩል ወደ ሳዑዲ። እዚህ የቀረው ልጅም ቢሆን ልቡ መንገድ ላይ ነው። በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። በዚያ ላይ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልላችን ያለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤት አዘግቷል። ተማሪ «ተምሬ የት ልደርስ ነው?» ሲል ስንፍና ነው ብላችሁ አትለፉት።

ተማሪ «ተጨንቄያለሁ» ብሎ አይመጣችሁም። ራሴን አመመኝ፣ ጨጓራዬ ተነሣብኝ፣ እንቅልፍ አጣሁ ይላል። ከሁሉ በፊት የሚናገረው ግን የስም መጥሪያው ነው። ከገጠር መጥቶ ቤት ተከራይቶ የሚማር ልጅ ዓርብ ስንቅ ሊያመጣ ሄዶ ሰኞ ካልተመለሰ፣ ይህም ከደጋገመው፣ ቤት ውስጥ የሆነ ነገር አለ። እኔ ከዚያች ልጅ ወዲህ በየተማሪው ስም ጎን በእርሳስ ከማን ጋር እንደሚኖር እጽፋለሁ፦ «ከአያት»፣ «ከአክስት»፣ «ብቻውን»። ከጉብዝና ደረጃው ይልቅ ይህቺ ማስታወሻ ጠቅማኛለች።

ስታነጋግሩ መምህራን ክፍል ጠርታችሁ ባልደረባ ሁሉ እየሰማ አይሁን። ደብተር አሸክማችሁ አብራችሁ ስትሄዱ ይሻላል፤ ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ ማውራት ይቀላል። «ምን ሆነሻል?» ካላችሁ መልሱ «ምንም» ነው። «እናትሽን መቼ ነው ያገኘሻት?» በሉና ዝም በሉ። «አይዞሽ፣ ደህና ናት» አትበሉ፤ በምን ታውቃላችሁ? «መጠበቅ ከባድ ነው፤ ያመለጠሽን ነገ አብረን እናየዋለን» ይበቃል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 እ.ኤ.አ. ያወጣው የሥነ ልቦና የመጀመሪያ ርዳታ መመሪያ ሥራውን በሦስት ቃል ነው የሚያስቀምጠው፦ ማየት፣ ማዳመጥ፣ ማገናኘት። ለዚህ ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

ወንድሙ በደላሎች እጅ የተያዘበት ልጅ ሌላ ነገር ነው። ለማስለቀቂያው በሬ ይሸጣል፣ ጤፉ ካውድማ ሳይገባ ይሸጣል፣ ወንድሙ ሲደበደብ የሚያሳየው ቪዲዮ በልጁ ስልክ ይገባል። ስልኩን አንድ ትልቅ ሰው ይያዝ፤ ልጁ ቪዲዮውን እየደጋገመ አይየው። ክፍል ውስጥ ስሙን ጠርታችሁ መዋጮ አትሰብስቡለት፤ ደግነት መስሏችሁ ታሸማቅቁታላችሁ።

በሰልፍ ላይ «ስደት ይቅር» የሚለው ስብከት ግን፣ ቅር የሚለው ይበለውና፣ እኔ አልወደውም። ኪራዩ ከአረብ አገር ለሚከፈልለት ልጅ ትርጉሙ «እናትህ ሞኝ ናት» ነው። ለመሄድ የቆረጠውን ለብቻው አግኙት። ማን ሊወስደው እንደሆነ፣ ስንት እንደተጠየቀ ጠይቁት። ሕጉ ከ18 ዓመት በታች ለውጭ አገር ሥራ እንደማይፈቅድ፣ መታወቂያ ላይ ዕድሜ የሚጨምርለት ደላላም ሲያዝ አብሮት እንደማይቆም ንገሩት። ሂዩማን ራይትስ ዎች በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች በየመን ድንበር በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን መግደላቸውን አውጥቷል፤ ይህንንም ሳታስፈራሩ ንገሩት።

ከስደት ተመልሶ ከታናናሾቹ ጋር የሚማርም አለ። በ2006 ዓ.ም. ብቻ ሳዑዲ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችንን መልሳለች። እንዲህ ያለውን «ለሌሎቹ ትምህርት ይሁን» ብላችሁ ከፊት አቁማችሁ አታስተርኩት።

አሳዳጊዎችንም አነጋግሩ። አያቱ ስልክ ባለመደወሉ ልጁ ፊት ባያለቅሱ፣ እናትየውም በደወለች ቁጥር «ለአንተ ብዬ ነው የምሰቃየው» ባትለው ትልቅ ነገር ነው። ጠበል እንወስደዋለን ካሉ አትከራከሩ፤ ሆስፒታሉም ይጨመርበት በሉ።

«ብሞት ይሻለኛል» የሚል ቃል ከሰማችሁ ግን ለነገ አይባልም። ራሱን ለማጥፋት አስቦ እንደሆነ በግልጽ ጠይቁት፤ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም። ብቻውን አትተዉት። ቤት ውስጥ ያለው የአረምና የተባይ መድኃኒት ተቆልፎ እንዲቀመጥ ለቤተሰቡ ዕለቱን ንገሩ፤ አብራችሁም ወደ ሆስፒታል ሂዱ። ቢቸናም ሞጣም ሆስፒታል አለ፤ ከእነርሱ በላይ ከሆነ ወደ ደብረ ማርቆስ ይልካሉ።

ያቺ ልጅ በሦስተኛው ሳምንት ተመለሰች። ይቅርታ የጠየቅኋት በክፍሉ ሁሉ ፊት ነው፤ የሰደብኋት እዚያው ነበርና።