ድምፅና ትርጕም፤ በቤቱ ሌላ ቋንቋ የሚናገረውን ሕፃን ንባብ ስለ ማስተማር

የሐዋርያት ሥራ በ8ኛው ምዕራፍ ስለ ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ የሚተርከውን ታሪክ ከአንባቢዎቻችን መካከል የማያውቅ የለም። ጃንደረባው በሠረገላው ተቀምጦ የነቢዩን የኢሳይያስን መጽሐፍ ያነብ ነበር። ፊልጶስም ቀርቦ በሰማው ጊዜ አነባበቡን አላረመም፤ የጠየቀው የሚያነበውን ያስተውለው እንደ ሆነ ብቻ ነው። ጃንደረባውም የሚመራው ሰው ሳይኖር ማስተዋል እንደማይቻለው በትሕትና መለሰ። እኛ መምህራን ይህን ታሪክ ብዙውን ጊዜ ስለ ጥምቀት እናስተምርበታለን። ነገር ግን ስለ ንባብ ትምህርትም ትልቅ ቁም ነገር አለበት፤ ይኸውም ድምፅን ማውጣትና ነገሩን ማስተዋል ሁለት ልዩ ልዩ ሥራዎች እንደ ሆኑ፥ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሻገርም መሪ እንደሚያስፈልግ ያስረዳናል።

በቤተ ክርስቲያን አጠገብ ባሉት የፊደል ትምህርት ቤቶችና በሰንበት ትምህርት ቤቶች የሚሰበሰቡት ሕፃናት ሁሉ ከአንድ ቋንቋ የወጡ አይደሉም። አንዱ ከእናቱ ጋር ኦሮምኛ፥ አንዱ ትግርኛ፥ ሌላውም ጉራግኛ ወይም ሲዳምኛ ሲናገር አድጎ ይመጣል። በባሕር ማዶ በሚኖሩት ምእመናን ዘንድ ደግሞ ሕፃኑ ሳምንቱን ሁሉ የዚያን አገር ቋንቋ ሲናገር ሰንብቶ፥ በዕለተ ሰንበት ከፊደል ገበታ ፊት ይቀመጣል። መምህሩ ግን ለሁሉም አንዱን ትምህርት በአንድ መንገድ ይሰጣል፤ ፈጥኖ የመለሰውን ብልህ፥ ዝም ያለውን ሰነፍ አድርጎ ይቈጥራል። ዝም ያለው ሕፃን ግን የጐደለው ቋንቋው እንጂ አእምሮው ላይሆን ይችላል።

እኛም ራሳችን በዚህ ስሕተት ወድቀናልና በሌላው ላይ ልንፈርድ አንችልም። ከብዙ ዓመታት በፊት ፊደል ስናስተምር በቤቱ ኦሮምኛ ብቻ የሚነገር አንድ ሕፃን ተቀበልን። ፊደሉን በመቍጠር ከጓደኞቹ ሁሉ ቀደመ። ወደ አማርኛ ንባብ በደረሰ ጊዜ ግን ቆመ፤ ድምፁን ያወጣል፥ ያነበበውን ሲጠየቅ ግን አንገቱን ይደፋል። እኛም ስንፍና መስሎን በጓደኞቹ ፊት ገሠጽነው። ከዚያም ቀን ጀምሮ ድምፁን ማሰማት ተወ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከግቢው አጥር ሥር ተቀምጦ ታናሽ እኅቱን ፊደል ሲያስቈጥር አገኘነው። በስንደዶ እየጠቈመ፥ «ቢ» ባለ ጊዜ ውሃን «ቢሻን»፥ «ሲ» ባለ ጊዜ አልጋን «ሲሬ» እያለ በእናታቸው ቋንቋ ቃል ያቀብላት ነበር። ሕፃኗም ትስቅ ነበር፤ ታስተውልም ነበር። ያን ጊዜ የማስተማር ጥበብ ከእኛ ይልቅ ከእርሱ ዘንድ እንደ ነበረች ተረዳን፤ አፈርንም።

አባቶቻችን የንባብን ትምህርት ሲሠሩ ሕፃን በዜማ እንደሚያታልል አስተውለው ነበር። ተማሪው «ሀ ሁ ሂ» እያለ ገበታውን ከዳር እስከ ዳር ሲያዜመው ያወቀ ይመስላል፤ ነገር ግን የያዘው ተራውን እንጂ የፊደሉን መልክ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ተራውን አፍርሰው «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» በሚል በሌላ ሥርዓት አስቀመጡት። በዚህ በአቡጊዳ ዜማው ስለማይረዳው፥ ሕፃኑ እያንዳንዱን ፊደል በመልኩ ለመለየት ይገደዳል። የዚህ ጽሑፋችን ዐሳብ በአጭሩ ይህ ነው፤ አቡጊዳ ዜማን ከዕውቀት እንደሚለይ፥ እንዲሁ ድምፅን ከማስተዋል የሚለይ ሁለተኛ አቡጊዳ ያስፈልገናል። ይህም ሁለተኛው አቡጊዳ ሕፃኑ ያነበበውን በሚያውቀው ቋንቋ እንዲናገር መጠየቅ ነው።

ማስተዋል ለንባብ ጌጥ ብቻ ነው የሚል ቢኖር አማርኛችንን ይመልከት። ፊደላችን ማጥበቅንና ማላላትን አያሳይም። «አለ» የሚለው ቃል ላልቶ ሲነበብ ተናገረ ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ግን ይገኛል ማለት ነው። «ገና» ላልቶ ሲነበብ ጊዜው አለመድረሱን ያመለክታል፤ ጠብቆ ሲነበብ የጌታችን የልደት በዓል ነው። አማርኛ አፉን የፈታበት ሕፃን ዐረፍተ ነገሩን ሰምቶ ከልማዱ ያቀናዋል። ቋንቋው ገና እንግዳ የሆነበት ሕፃን ግን በምን ያውቀዋል? ፊደሉን ሁሉ ቢያውቅም ትርጕሙን ካላወቀ ድምፁንም እንኳ ማቅናት አይችልም። እንግዲህ ማስተዋል ከንባብ በኋላ የሚመጣ ትርፍ ሳይሆን በንባቡ ውስጥ ያለ ነገር ነው።

በሚታወቅ ቋንቋ መተርጐም ለቤተ ክርስቲያናችን አዲስ ነገር አይደለም። ተማሪው በግእዝ ንባብ፥ በውርድ ንባብና በቁም ንባብ አልፎ ዳዊትን ከደገመ በኋላ፥ ወደ መጻሕፍት ጉባኤ ሲገባ መምህሩ የግእዙን ምሥጢር የሚያብራራለት በአማርኛ ነው። የአንድምታችን ትርጓሜ ሁሉ ንባቡ በግእዝ፥ ትርጕሙ በአማርኛ ሆኖ የተሠራ ነው። ሊቃውንቱ ይህን ያደረጉት ግእዝን ንቀው አይደለም፤ ተማሪው ከሚያውቀው ተነሥቶ ወደማያውቀው እንዲሻገር ነው እንጂ። በቤቱ አማርኛ የማይነገርለት ሕፃን ግን ግእዙም አማርኛውም እንግዳ ስለሚሆንበት ከሁለት ወንዝ ማዶ ቆሞ ይቀራል። ለአማርኛ ተናጋሪው የሠራነውን ድልድይ ለእርሱም መሥራት ይገባናል።

ድልድዩን ለመሥራት መምህሩ አስቀድሞ ሕፃኑ ከቤቱ ምን ይዞ እንደ መጣ ይወቅ። ኦሮምኛ ተናጋሪው ሕፃን የ«ቀ»ን፥ የ«ጠ»ንና የ«ጨ»ን ድምፅ ከእናቱ አፍ ይዞ ይመጣል፤ የሚቀረው መልካቸውን ማየት ብቻ ነው። በእንግሊዝኛ ያደገው ሕፃን ግን «ተ»ንና «ጠ»ን፥ «ከ»ንና «ቀ»ን በጆሮው መለየት ይቸግረዋል፤ ስለዚህ መልኩን ከማሳየት በፊት ድምፁን እየደጋገሙ ማሰማት ያስፈልጋል። ትግርኛ ተናጋሪው ሕፃን ደግሞ ለክፍሉ ሁሉ ጸጋ ነው። እኛ በአማርኛ «ሀሌታው ሀ» እና «ሐመሩ ሐ»፥ «አልፋው አ» እና «ዐይኑ ዐ» እያልን በስም የምንለያቸውን እርሱ በጕሮሮው ይለያቸዋል። እንዲህ ያለውን ሕፃን መምህሩ አስነሥቶ ለጓደኞቹ እንዲያሰማ ቢያደርገው፥ እንግዳ የነበረው ቋንቋ የክፍሉ መምህር ይሆናል፤ ሕፃኑም በእናቱ ቋንቋ ከማፈር ይድናል።

ከዚህ በኋላ ሥራው በአራት ነገር ይፈጸማል። አንደኛ፥ ሕፃኑ የሚያነባቸው የመጀመሪያ ቃላት በአፉ ያሉና በዐይኑ የሚያያቸው ይሁኑ፤ ውሃ፥ እሳት፥ ላም፥ እናት የሚሉትን የመሳሰሉ። ያልሰማውን ቃል ከማንበቡ በፊት ይስማው፥ ይናገረውም። ሁለተኛ፥ መምህሩ ታሪክ በቃሉ ይንገር፤ ሕፃኑም በሚችለው ቋንቋ መልሶ ይተርክ፤ የሚጐድለውን የአማርኛ ቃል መምህሩ ያቀብለው። ሦስተኛ፥ ስሕተቱን በብዙ ሰው ፊት አያጋልጥ፤ ትክክለኛውን ደግሞ በማሰማት ያርመው። አራተኛ፥ በቋንቋ የሚገናኙትን ታላቅና ታናሽ ተማሮች አንድ ላይ ያስቀምጥ። አምስት ቋንቋ በሚነገርበት ክፍል መምህሩ ሁሉን ሊያውቅ አይችልም የሚሉ አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ነገር ግን ታላላቆቹ ታናናሾቹን ማስቈጠራቸው የቈየ ሥርዓታችን ስለ ሆነ፥ መምህሩ የማያውቀውን ቋንቋ የሚያውቅ ተማሪ ከክፍሉ አይታጣም።

ሕፃኑን በቤቱ ቋንቋ መርዳት የአማርኛውን ትምህርት ያዘገያል ብለው የሚሠጉም አሉ። ይህ ሥጋት ከክፋት የመጣ ስላልሆነ በጥንቃቄ ሊመለስ ይገባዋል። ማንበብን አንድ ጊዜ የተማረ ሰው ሁለተኛ ከመጀመሪያው አይጀምርም። ምልክት ድምፅን እንደሚወክል፥ ድምፆች ተጋጥመው ቃል እንደሚሆኑ፥ ቃሉም ነገር እንደሚናገር በአንድ ቋንቋ ካወቀ፥ ይህ ዕውቀት ወደ ሌላው ይከተለዋል። ዩኔስኮም በ1953 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የሕፃን ትምህርት በአፍ መፍቻው ቋንቋ ቢጀመር እንደሚሻል አስታውቆ ነበር። በአገራችንም በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ወስኗል። ከዚህም የተነሣ ዛሬ ብዙ ሕፃናት ወደ እኛ ሲመጡ ኦሮምኛን በቁቤ ማንበብ ተምረው ነው። እንዲህ ያለውን ሕፃን ምንም እንደማያውቅ ቈጥረን ብንጀምር በደልነው። ቁቤ አናባቢውንና ተነባቢውን ለየብቻ ሲጽፍ የእኛ ፊደል ሁለቱን በአንድ መልክ እንደሚያጣምር እናሳየው፤ «በ» በወገቧ ቅጥያ ስትጨምር «ቡ»፥ በእግሯ ስትጨምር «ቢ»፥ ቀለበት ስታደርግ «ቤ» መሆኗን ሲያይ፥ በሰባት ሰባት የተዘረጉት 33ቱ ፊደላት 231 እንግዶች መሆናቸው ይቀርና የታወቁ ቤተ ሰቦች ይሆኑለታል።

ነገር ግን የቋንቋው መመረጥ ብቻውን ሁሉን አይፈጽምም። በ2010 እ.ኤ.አ. በአገራችን በልዩ ልዩ ቋንቋዎች በተደረገ የንባብ ፈተና ከ2ኛ ክፍል ተማሮች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ስለዚህ ቋንቋው መንገዱን ያቀናል እንጂ የመምህሩን ትጋት አይተካም። ፊደሉን በቅደም ተከተል ማስተማር፥ ዕለት ዕለት ማስነበብ፥ እያንዳንዱን ሕፃን ለብቻው ማዳመጥ ለሁሉም ያስፈልጋል፤ የኔታ እያንዳንዱን ተማሪ ከጕልበታቸው ሥር አስቀምጠው ያስነብቡ የነበረው በከንቱ አልነበረም።

ለወላጆችም አንድ ቃል አለን። አንዳንድ እናቶች ልጃቸው በትምህርት እንዳይሰናከል በማለት የገዛ ቋንቋቸውን ከቤታቸው ያስወጣሉ፤ በደንብ በማያውቁትም ቋንቋ ከልጃቸው ጋር ይንተባተባሉ። ይህን እንዲያደርጉ የሚመክር መምህርም ይገኛል። በባሕር ማዶ ያሉት ቤተ ሰቦች ይህን ፈተና ከሁሉ ይልቅ ያውቁታል፤ ልጃቸው ከአያቱ ጋር በስልክ ሲገናኝ የሚነጋገርበት ቃል ያጣልና። እናት ተረቱን፥ ጸሎቱን፥ የዘመዱን ስም ሁሉ አጥርታ በምታውቀው ቋንቋ ትንገረው። ሕፃኑ በሰንበት ፊደል ሲቈጥር ያነበበውን በእንግሊዝኛ ቢያስረዳም መምህሩ አይቈጣው፤ ማስተዋሉን አመስግኖ የአማርኛውን ቃል ያስይዘው። በሁለት ቋንቋ ማደግ ሕፃኑን አያደኸየውም፤ ከሁለት ቤት ያስተዳድረዋል እንጂ።

መንፈስ ቅዱስ በበዓለ ኀምሳ በወረደ ጊዜ የተሰበሰቡት ሁሉ አስቀድመው አንድ ቋንቋ እንዲማሩ አልተጠየቁም፤ እያንዳንዱ በተወለደበት ቋንቋ ሰማ እንጂ። እኛም የፊደል መምህራን ከዚህ ሥርዓት እንማር። ነገ ጧት ገበታውን ስንዘረጋ በመጨረሻው ረድፍ ዝም ብሎ የተቀመጠውን ሕፃን ወደ እኛ እናቅርበው። ድምፁን አሳምሮ ካሰማን በኋላ ፊልጶስ ጃንደረባውን እንደ ጠየቀው እንጠይቀው፤ መልሱንም በሚቻለው ቋንቋ እንቀበለው። ከአጥር ሥር እኅቱን ያስተምር የነበረው ያ ሕፃን በጊዜው ይህን ያህል ብቻ ከእኛ አጥቶ ነበር።