የመጠጥ ውኃ በወረርሽኙ ወቅት፦ በየቤቱ ሊታወቅ የሚገባው

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአዲስ አበባ መገኘቱ ከተገለጸ በኋላ፣ እጅን በሳሙና ደጋግሞ መታጠብ ከዋነኞቹ የመከላከያ መንገዶች አንዱ ሆኖ ነበር። ይሁንና በቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ ከካዛንቺስ ትላልቅ ሕንፃዎች ጀርባ በነበሩ የቀበሌ ቤቶች፣ በርካታ ቤተሰቦች አንድ ቧንቧ በጋራ ይጠቀሙ ነበር፤ ውኃውም በፈረቃ ይመጣ ነበር። ጀሪካኑ ሲጎድል ከመጠጡ ድርሻ መቀነስ ቀላል ይመስላል። ሕመምተኛ ወይም አዛውንት ባለበት ቤት ግን ይህ አደጋ አለው።

ሰውነት ፈሳሽ የሚያጣው እንዴት ነው?

ከአዋቂ ሰው ክብደት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ውኃ ነው። ደም የሚዘዋወረው፣ ኩላሊት ቆሻሻን የሚያስወግደው በውኃ ነው። ትኩሳት ሲኖር ላብ ይበዛል፤ ትንፋሽ ሲፈጥን ከሳንባ የሚወጣው እርጥበት ይጨምራል። አንዳንድ የኮቪድ-19 ታማሚዎችን ተቅማጥና ትውከት ያጋጥማቸዋል። የምግብ ፍላጎት ሲጠፋም ከምግብ የሚገኘው ፈሳሽ ይቀራል። የጥም ስሜት በእርጅና ስለሚደክም፣ አዛውንቶች «አልጠማኝም» ቢሉም ሰውነታቸው ውኃ አጥቶ ሊሆን ይችላል።

ትክክል ያልሆኑ አባባሎች

በየ15 ደቂቃው ውኃ መጠጣት ቫይረሱን ከጉሮሮ አጥቦ ያወርዳል የሚባለው እውነት አይደለም። ውኃ በሽታውን አይከላከልም፤ መድኃኒትም አይደለም። ጥቅሙ በሕመሙ ላይ ድርቀት እንዳይጨመር ማድረግ ነው። አረቄ መጠጣትም ቫይረሱን አይገድልም፤ ይልቁንም ሽንት በማብዛት ድርቀትን ያባብሳል።

በቤት ውስጥ ምን ይደረግ?

• ውኃ በመጣ ጊዜ አስቀድሞ የመጠጡ ይቀዳ። ለአንድ አዋቂ በቀን 2 ሊትር ያህል ታስቦ፣ ክዳን ባለው ንጹሕ ዕቃ ለብቻው ይቀመጥ። ትኩሳት ላለበት ሰው ይጨመርለት።

• ንጽሕናው የሚያጠራጥር ውኃ ይፈላ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ ውኃ ከ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ይፈላል። ስለዚህ መንፈቅፈቅ ከጀመረ በኋላ ለ3 ደቂቃ እሳት ላይ ይቆይ።

• ታማሚው የራሱ ብርጭቆ ይኑረው። ውኃ፣ ሾርባ፣ አጥሚት ወይም ቀጠን ያለ ሻይ በጥቂት በጥቂቱ፣ ቶሎ ቶሎ ይሰጠው።

• ተቅማጥ ወይም ትውከት ካለ፣ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር (ኦ.አር.ኤስ.) በፓኬቱ ላይ በተጻፈው የውኃ መጠን ተበጥብጦ ይሰጥ። ከ24 ሰዓት በላይ የቆየው ይደፋ።

• ከ6 ወር በታች ላለ ሕፃን የእናት ጡት ወተት ይበቃዋል፤ ውኃ አይሰጠው። እናት ብትታመምም እጇን ታጥባና ማስክ አድርጋ ታጥባ።

• የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው የሚጠጣውን መጠን ሐኪሙ ይወስንለት።

• በጾም ወቅት የታመመ ሰው ውኃ ከመተው በፊት ሐኪሙንና የሃይማኖት አባቱን ያማክር።

ራሱን በቤት ለይቶ የተቀመጠ ሰው ወደ ጋራ ቧንቧ ሄዶ ወረፋ መያዝ የለበትም። ጎረቤት ጀሪካኑን ሞልቶ በሩ ላይ ያስቀምጥለት፤ ሁለት የአዋቂ እርምጃ ርቆ ይጥራው፤ ጀሪካኑን ከነካ በኋላም እጁን በሳሙና ይታጠብ።

የአደጋ ምልክቶች

የአፍ መድረቅ፣ የሽንት ማነስና መጥቆር፣ ሲነሡ ማዞር ፈሳሽ መጨመር እንደሚያስፈልግ ያመለክታሉ። ታማሚው መጠጣት ካቃተው፣ ሽንቱ ከተቋረጠ፣ ከተቃዠ ወይም የመተንፈስ ችግር ካጋጠመው ግን ቤት ውስጥ ማቆየት አይገባም። ሳይዘገዩ በነፃ የስልክ መስመር 8335 ወይም 952 በመደወል የሕክምና እርዳታ መጠየቅ ያስፈልጋል።