በስንት ገዛነው ወይስ ስንቴ ተጠቀምንበት?

ዛሬ የምንማረው ስለ ገንዘብ አያያዝ ነው። እስቲ ቤት ስትገቡ ቁም ሳጥናችሁን ክፈቱ። ዋጋው የተጻፈበት ወረቀት ገና ያልተቆረጠለት ልብስ የለም? ከካርቶኑ ያልወጣ የወጥ ቤት ዕቃስ? "ምን ችግር አለው፣ በቅናሽ ነው የገዛሁት" እንላለን። ነገር ግን በግማሽ ዋጋ ተገዝቶ የተቀመጠ ዕቃ ግማሹን ዋጋ አላተረፈልንም፤ ግማሹን አስወጣን እንጂ።

ጌታ በሉቃስ 14፥28 ላይ ግንብ ከመሥራቱ በፊት ተቀምጦ ወጪውን ስለሚያሰላ ሰው ተናግሯል። እኛም ካርዳችንን ከማውጣታችን በፊት እናስላ።

ስሌቱ ቀላል ነው፤ ዋጋውን በምትጠቀሙበት ጊዜ ብዛት አካፍሉት። 240 ዶላር የወጣበት ካፖርት በየዓመቱ በብርዱ ወራት 100 ቀን ቢለበስና አራት ዓመት ቢያገለግል 400 ጊዜ ነው። የአንድ ቀን ዋጋው 60 ሳንቲም ሆነ ማለት ነው። ለሠርግ የተገዛ የ60 ዶላር ጫማ ሦስቴ ብቻ ከተደረገ ግን አንዱ ቀን 20 ዶላር ነው። ታዲያ ውዱ የትኛው ነው?

የ200 ዶላር የኤሌክትሪክ ምጣድም እንዲሁ ነው። በየሳምንቱ ለሚጋግር ቤት በአምስት ዓመት 260 ጊዜ ያገለግላል፤ አንዱ ጊዜ 80 ሳንቲም እንኳ አይሞላም። በዓመት ሁለቴ ለሚጋግር ቤት ግን አንዱ ጊዜ 20 ዶላር ነው። ምጣዱ ያው ነው፤ ዋጋው እንደየቤቱ ነው።

ተጠንቀቁ፣ ይህ ስሌት ለሁሉም ነገር አይሠራም። የእሳት ማጥፊያ ሳንነካው ዓመታት ቢያልፉ እሰየው ነው። ስልካችንን ደግሞ በቀን መቶ ጊዜ እናነሣዋለን፤ በስሌቱ ርካሽ ነው፣ ከልጆቻችን የሚወስደው ጊዜ ግን ርካሽ አይደለም። ስለዚህ "ስንቴ?" ብቻ ሳይሆን "ለምን?" ብላችሁም ጠይቁ።

አልፎ አልፎ የሚያስፈልገውን ዕቃ ሁላችንም መግዛት የለብንም። አገር ቤት እድር ድንኳኑን፣ ወንበሩንና ትልልቁን ድስት በጋራ የሚያኖረው ለዚህ ነው። አንዱ ቤት በስንት ዓመት አንዴ የሚፈልገው ዕቃ ለሰፈሩ ሁሉ ያገለግላል። እኛም መሰላሉን፣ የሕፃን አልጋውን፣ የድግስ ድስቱን እንዋዋስ።

በመጨረሻ ዋጋውን በሥራ ሰዓት ቁጠሩት። በሰዓት 20 ዶላር በእጁ ለሚገባ ሰው፣ 240 ዶላር 12 ሰዓት ነው። ያ 12 ሰዓት የሌሊት ፈረቃ፣ ያልተተኛ እንቅልፍ፣ ልጆች ያለ እናት ወይም ያለ አባት የበሉት እራት ሊሆን ይችላል። ካፖርቱ ይህን ያህል ያወጣል፤ ብርድ ይከላከላልና። ከካርቶኑ ለማይወጣው ዕቃ ግን ይህን ሁሉ ለምን እንከፍላለን?

በዚህ ሳምንት አንድ ነገር መግዛት ስታስቡ ሦስት ጥያቄ በወረቀት ላይ መልሱ፦ ስንቴ እጠቀምበታለሁ? ከማን ልዋሰው እችላለሁ? የስንት ሰዓት ሥራ ነው? መልሱ ካልጠራላችሁ አንድ ሳምንት ቆዩ። ጌታ ይባርካችሁ።