«ልክ ነው» ስንል ምን ማለታችን ነው?

አንድ ተማሪ ጭላሎን ቀይ ቀብቶ ቢያመጣላችሁ ምን ትሉታላችሁ? ብዙዎቻችን እስክሪብቶ አንስተን «ልክ አይደለም» ብለን እንጽፍበታለን። ተራራውማ ከአሰላ በላይ ተገትሮ ይታያል፤ ቀይ አይደለም። ነገር ግን «ልክ» ያልነው የትኛውን ልክ ነው?

ፈላስፋው ሉድቪግ ቪትገንስታይን (1889–1951 እ.ኤ.አ.) የቃልን ትርጉም ለማወቅ ሰዎች በዕለት ንግግራቸው እንዴት እንደሚሠሩበት መመልከት ይበጃል ይል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1938 በካምብሪጅ ስለ ውበት ሲያስተምርም፣ ሰዎች ስለ ጥበብ ሲነጋገሩ «ውብ» የሚለውን ቃል እምብዛም አያነሡም፤ ልብስ ሰፊ ቤት እንደሚባለው «ይኼ ረዘመ፣ አሁን ልክ ሆነ» ይላሉ እንጂ ሲል አስረድቷል።

የኛው «ልክ» ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። «መልሱ ልክ ነው» በሒሳብ፣ «ጫማው ልኬ ነው» በገበያ፣ «ልኩን ያውቃል» በጠባይ ይነገራል። ቃሉ አንድ ነው፤ መስፈሪያው ግን በየቦታው ይለያያል።

በሥዕልም እንዲሁ ነው። በቀድሞው የቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ጻድቃን ከነሁለት ዓይናቸው፣ ክፉዎች ግን በጎን በአንድ ዓይን ይሣላሉ። እዚያ ልኩ ይህ ነው፤ «አንድ ዓይና ሰው የት አየህ?» ብሎ ሠዓሊውን የሚሞግት የለም። በጀርመን አገር ኮሎኝ የተማረው ገብረ ክርስቶስ ደስታ የሠራቸው ረቂቅ ሥዕሎች ደግሞ በሌላ ልክ ይታያሉ፤ ቀለሙ ከቀለም፣ ቅርጹ ከቅርጽ ተስማምቷል ወይ ተብሎ ይጠየቃል።

ታዲያ ሁሉም ነገር ልክ ነው ማለት ነው? አይደለም! የጠበበ ጫማ የጠበበ ነው። ግን ጫማን በሚዛን አንለካም።

ስለዚህ ዕጩ መምህራን፣ ምልክት ከማድረጋችን በፊት ልጁን «ለምን ቀይ አደረግኸው?» እንበለው። «የማታ ፀሐይ ስታርፍበት ነው» ካለን፣ ያን ጊዜ «እንግዲያው ሰማዩስ ለምን የቀትር ሰማይ መሰለ?» ብለን በራሱ ልክ ልናርመው እንችላለን። በአርሲ ብዙው ልጅ አፉን የፈታው በኦሮምኛ ነውና፣ ጌረርሳ ሲያምር ወይም ሲበላሽ ቤት ውስጥ ምን እንደሚባል እናስነግረው። የጥበብ ትምህርት ከዚያ ይጀምራል።

ያለ ቦታው የተጻፈ አንድ «ልክ አይደለም» ግን ልጁን ዳግመኛ ቀለም እንዳይነካ ሊያደርገው ይችላል።