የጋራ ተፋሰስና የግል ጥቅም፦ የሞዴል አርሶ አደር ድርሻ

የትምህርቱ ዓላማ፦ ሠልጣኞች ይህን ትምህርት ሲያጠናቅቁ የተፋሰስ ሥራ በአንድ ሰው መቅረት ወይም በአንድ ሰው ከብት እንዴት እንደሚበላሽ ይረዳሉ፤ በየቀበሌያቸው የተፋሰስ መተዳደሪያ ደንብ ሲወጣና ሲተገበር ምን ማድረግ እንዳለባቸው ይለያሉ።

መግቢያ



ጥር ሲገባ የተፋሰስ ሥራ ይጀመራል። በዚያው ወቅት ውቂያው ያላለቀለት አለ፤ መስኖው ውሃ የሚፈልግበት አለ፤ ሠርግ የደገሰም አለ። ስለዚህ አንድ ሰው «ዛሬ እኔ ብቀር ምን ይጎድላል?» ቢል ሰነፍ ስለሆነ ብቻ አይደለም። የሚያጣው የሥራ ቀን ዛሬ ይታየዋል፤ የሚያገኘው ጥቅም ግን ገና ነው። ይህን ሐቅ ሸሽገን «ግዴታችሁ ነው» ብቻ ብንል የሚሰማን አናገኝም። ይልቁንስ የግል ጥቅምና የጋራ ግዴታ የት ላይ እንደሚጋጩ፣ የት ላይ እንደሚገናኙ እንመልከት።

1. ደቦና የተፋሰስ ሥራ በምን ይለያያሉ?

አባቶቻችን ደቦንና ወንፈልን ማንም ሳያስገድዳቸው ሲሠሩበት ኖረዋል። ዛሬ የጎረቤታችሁን አዝመራ ብታጭዱ በሳምንቱ እሱ የእናንተን ያጭዳል። የቀረ ሰው ይታወቃል፤ በተራው የሚመጣለት አያገኝም።

በተፋሰስ ሥራ ግን ብድሩ የሚመለሰው ከዓመታት በኋላ ነው። የሚመለሰውም ለሠራውም ላልሠራውም ነው። ምንጩ ሲጎለብት የቀረውም ሰው ይቀዳል። «ሌላው ይሥራ፣ እኔ ልጠቀም» የሚል ሐሳብ የሚመጣው ከዚህ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው ይባላል። አርባው ጥለው ከሄዱ ግን ለቀሩት አሥር ሰዎች መልሶ ሸክም ይሆናል።

2. ሒሳቡን እንሥራው

በ1 ሄክታር መሬት ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢዘንብ የወረደው ውሃ 100 ሺህ ሊትር ነው። በ20 ሊትር ጀሪካን ሲሰላ 5 ሺህ ጀሪካን ይሆናል። ከዚህ ውስጥ መሬቱ ያልጠጣው ሁሉ ወደ ታች ይወርዳል።

ከላይ ያለው አርሶ አደር እርከን ካልሠራ ይህ ውሃ የሚያርፈው ከታች ባለው ጎረቤቱ እርከን ላይ ነው። ያ እርከን የተሠራው የአንድ ማሳ ውሃ እንዲይዝ እንጂ የሁለት ማሳ ውሃ እንዲሸከም አይደለም። ሞልቶ አንድ ቦታ ላይ ሲሰበር የተጠራቀመው ውሃ በዚያ ቀዳዳ ይወጣና የቀጣዩን ሰው እርከን ይመታል። ቦረቦርም ከዚያ ይጀምራል። የአንድ ሰው መቅረት የብዙ ሰው ድካም የሚያጠፋው በዚህ መንገድ ነው።

የቀረውም ሰው አይተርፍም። ከ1 ሄክታር ማሳ ላይ 1 ሚሊ ሜትር አፈር ብቻ ቢታጠብ ክብደቱ ከ100 ኩንታል ይበልጣል። ውፍረቱ በዓይን ስለማይታይ ባለቤቱ ምንም እንዳልደረሰበት ያስባል። ከአፈሩ ጋር አብሮ የሚሄደው ግን በገንዘቡ የገዛው ማዳበሪያ ጭምር ነው።

3. የተከለለ መሬትና የእናንተ በሬ

በ1997 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456 ተዳፋትነቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ እንዳይውል ደንግጎ ነበር። ሆኖም አዋጅ ሌሊት ተራራ ላይ አድሮ ከብት አይመልስም። የተከለለውን መሬት የሚጠብቀው የአካባቢው ሰው ስምምነት ነው።

ይህ ስምምነት ደግሞ በእናንተ ዓይነት ሰው ይጸናል ወይም ይፈርሳል። የሌላ ሰው ጥጃ ቢገባ «አመለጠችው» ይባላል። የሞዴል አርሶ አደር በሬ ገብቶ ቢታይ ግን መንደሩ «ለካ ይቻላል» ብሎ ይረዳል፤ በማግስቱ ሁሉም ከብቱን ይለቃል። በሬው ከበላው ሣር ይልቅ የከፈተው በር ይጎዳል።

4. ተባብረው ያተረፉ

በትግራይ ክልል የሚገኘው የአብርሃ ወአጽብሃ ማኅበረሰብ በድርቅና በአፈር መከላት የተጎዳ ነበር። ነዋሪዎቹ ተራራቸውን ከልለው፣ እርከንና የውሃ ማቆሪያ ሠርተው፣ ከዓመታት ሥራ በኋላ የከርሰ ምድር ውሃቸው ተመልሶ በጉድጓድ ውሃ አትክልትና ፍራፍሬ ማልማት ችለዋል። በ2004 ዓ.ም. ዓለም አቀፉን የኢኳተር ሽልማት አግኝተዋል። የጋራው ሥራ መጨረሻ ላይ ወደ እያንዳንዱ ጓሮ ገብቷል ማለት ነው።

5. ከሞዴል አርሶ አደር ምን ይጠበቃል?

• የራስን ማሳ ማስቀደም። በጋራ መሬት ላይ ከመናገራችሁ በፊት የእናንተ እርከን የተሟላ ይሁን። በየዓመቱ በእርሻ ጊዜ የእርከኑን ጠርዝ እየገመሱ ማጥበብ ይቅር።

• የመኖ ምንጭ ማዘጋጀት። ከብትን አስሮ መቀለብ የሚቻለው መኖ ሲኖር ነው። በእርከኑ ላይ ደሾ ሣር፣ ዝሆኔ ሣር፣ ሰስባንያ ወይም የርግብ አተር ትከሉ፤ ችግኝና ቁራጩንም ለጎረቤት አካፍሉ።

• በክፍፍል ላይ ፍትሐዊ መሆን። ተራራው ሲከለል አብዝቶ የሚጎዳው ጥቂት ፍየሎቹን እዚያ ያሰማራ የነበረው ድሃ ነው። ሣሩ ሲታጨድ አቅመ ደካሞች፣ እማወራዎችና መሬት የሌላቸው ወጣቶች ድርሻቸውን ካላገኙ ክለላው ለእነሱ ግዴታ ብቻ፣ ለሌላው ጥቅም ብቻ ይሆናል። እንዲህ ያለ ክለላ አይዘልቅም።

• ደንቡን በጋራ ማውጣት። ቅጣቱንም ድርሻውንም ተጠቃሚው ራሱ ተወያይቶ ይወስን። የተፋሰስ ኮሚቴ አባል ከብት ሲገባ የሚከፈለው ቅጣት ከማንም ሰው ጋር እኩል ይሁን።

• ጥገናን አለመርሳት። ክረምት ከመግባቱ በፊትና ከመጀመሪያዎቹ ከባድ ዝናቦች በኋላ እርከኑን ዞራችሁ እዩ። ዛሬ በአካፋ የሚደፈን ቀዳዳ ነሐሴ ላይ በመንደር ሰው አይደፈንም።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በተፋሰሳችሁ ውስጥ ከላይ ያለው ማን ነው? ከታችስ? ጎርፉ ከማን ወደ ማን ይወርዳል?

2. ባለፈው ዓመት ከሥራው የቀሩት ሰዎች ምክንያታቸው ምን ነበር? ከምክንያቶቹ ውስጥ የሥራ ቀኑን ወይም ሰዓቱን በማስተካከል የሚፈቱት የትኞቹ ናቸው?

3. ከተከለለው መሬት የሚገኘው ሣር እስካሁን ለማን ደረሰ? ያልደረሰውስ ማን ነው?

4. የእናንተ ከብት ባለፈው ዓመት የት ሲግጥ ከረመ? ለዚህ ጥያቄ እያንዳንዱ ሠልጣኝ በቡድኑ ፊት ይመልስ።