የተቀመጡ ጽሑፎችን ከመተግበሪያ ወደ መተግበሪያ ማዛወር

የሚከተለውን ምንባብ ድምፅ ሳታሰሙ ካነበባችሁ በኋላ ከግርጌው የቀረቡትን ጥያቄዎች በደብተራችሁ መልሱ።

ሰው በኢንተርኔት ያገኘውን ጽሑፍ ሁሉ ወዲያው አንብቦ ለመጨረስ ጊዜ አይበቃውም። ስለዚህ «በኋላ አነበዋለሁ» ብሎ የሚያቆይበት ቦታ ይሻል። ለዚህ ከተሠሩት መተግበሪያዎች አንዱ ፖኬት ነበር። ኔት ዋይነር የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ2007 ሲጀምረው ስሙ «ሪድ ኢት ሌተር» ነበር፤ በ2012 ፖኬት ተባለ፤ በ2017 ፋየርፎክስን የሚያዘጋጀው ሞዚላ ገዛው። በሜይ 2025 እንደሚዘጋ ተነገረ፤ ጁላይ 8 ቀን 2025 አገልግሎቱ ቆመ።

ዓመታት ሙሉ ጽሑፍ ያጠራቀሙ ተጠቃሚዎች ዝርዝራቸውን እንዲያወጡ የጥቂት ወራት ጊዜ ተሰጣቸው። ይሁን እንጂ የተሰጣቸው ፋይል ጽሑፎቹን የያዘ አልነበረም። በየመስመሩ የሚገኘው የጽሑፉ ርእስ፣ የገጹ አድራሻ፣ የተቀመጠበት ጊዜ፣ ባለቤቱ የሰጠው መለያና መነበብ አለመነበቡ ነው። ይህም የቤተ መጻሕፍቱን ካታሎግ ይዞ መጻሕፍቱን በመደርደሪያቸው ትቶ እንደ መሄድ ይቆጠራል። ገጹ ከምንጩ ተሰርዞ ከሆነ ለአንባቢው የሚቀረው ርእሱ ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን ገጽ ኢንተርኔት አርካይቭ እ.ኤ.አ. በ2001 ለሕዝብ በከፈተው በዌይባክ ማሽን መፈለግ ይቻላል፤ ሁሉም ግን እዚያ አይገኝም።

ጊዜውም የተጻፈው በቀንና በወር ሳይሆን ከእ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ ባለፉት ሴኮንዶች ቁጥር ነው። ለምሳሌ 1420070400 የሚለው ቁጥር ጃንዋሪ 1 ቀን 2015ን ያመለክታል። ተቀባዩ መተግበሪያ ይህን ቁጥር ካላነበበ፣ ከ10 ዓመት በፊት የተቀመጠውና ትናንት የተቀመጠው በአንድ ቀን የገቡ ይመስላሉ።

የአማርኛ ርእስ ያለበት ፋይል ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። የሰንጠረዥ ፕሮግራም ፋይሉን በሌላ የፊደል ሥርዓት ከከፈተው የግዕዝ ፊደላት ትርጉም የለሽ ምልክቶች ሆነው ይታያሉ። ይህን ያየ ሰው ፋይሉን እንዳለ ቢያስቀምጠው ስሕተቱ ይጸናል፤ ሳያስቀምጥ ዘግቶ፣ ዩቲኤፍ-8 የሚለውን መርጦ እንደገና ቢከፍተው ግን ርእሶቹ ይመለሳሉ። ስለሆነም አስቀድሞ የፋይሉን ግልባጭ በሌላ ስፍራ ማኖር ይገባል።

በማሰሻዎች ውስጥ የተያዙ የገጽ ምልክቶች ዕድል ከዚህ ይሻላል። ኔትስኬፕ በ1990ዎቹ ያወጣውን የፋይል ዓይነት ክሮምና ፋየርፎክስ ዛሬም ያነቡታል። ኔትስኬፕ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2008 ቢቀርም፣ ስሙ አሁንም በፋይሉ መጀመሪያ መስመር ላይ ይነበባል!

ከተዛወረ በኋላ የመስመሩን ብዛት ከአዲሱ ዝርዝር ጋር ማስተያየት፣ ጥቂት አሮጌ ጽሑፎችንም ከፍቶ ማየት ያሻል። የቀድሞው መዝገብ የሚሰረዘው ከዚህ በኋላ ነው።

መልመጃ
ሀ. ከፖኬት የወጣው ፋይል ምን ምን ይዞ ነበር? ምንስ ጎድሎት ነበር?
ለ. የአማርኛ ርእሶች ተበላሽተው ቢታዩ ምን ማድረግ ይገባል? ምክንያቱን አስረዱ።
ሐ. «ጣጣ» እና «ይጸናል» የሚሉትን ቃላት በየራሳችሁ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገቡ።