ነፋስ እና የአልኮል ነዳጅ እሳት፦ በበረንዳና በግቢ ራስዎን ከቃጠሎ ይጠብቁ
የጤና መረጃ ለሊልበርንና ለአካባቢው ነዋሪዎች

ዋናው መልእክት
ነፋስ የአልኮል እሳትን ያጠፋው ሊመስል ይችላል። እሳቱ ጠፍቷል ብለው ነዳጅ አይጨምሩ። ከባድ ቃጠሎ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ነዳጅ ሲጨመር ነው።

ስለ የትኛው ነዳጅ ነው?
ባዮኢታኖል ከበቆሎ ወይም ከሸንኮራ አገዳ የሚወጣ አልኮል ነው። በኢትዮጵያ የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ያመርተዋል፤ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮም በአዲስ አበባ ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ ተሸጧል። እዚህ አሜሪካ በጠርሙስ እየተሸጠ ለጌጥ በሚያገለግሉ ትንንሽ የጠረጴዛና የበረንዳ እሳት ማንደጃዎች ውስጥ ይፈሳል። አንዳንድ ሰው ለቁስል ማጽጃ የሚሸጠውን አልኮልም ይጠቀማል፤ አደጋው ያው ነው።

ጠንካራ አረቄ ክብሪት ሲነካው በሰማያዊ ነበልባል ሲነድ አይተው ይሆናል። ይህም ያው አልኮል ነው። ጭሱ ትንሽ ስለሆነ «ንጹህ ነዳጅ» ይባላል፤ ንጹህ ማለት ግን አያቃጥልም ማለት አይደለም።

ነፋስ ምን ያደርጋል?
* ነበልባሉን ያጋድመዋል። ቀጥ ብሎ የሚነድ እሳት ነፋስ ሲመታው ወደ ጎን ይተኛል። አጠገቡ ያለ ልብስ፣ ነጠላ፣ መጋረጃ ወይም የልጅ ፀጉር ሊይዝ ይችላል።
* ነበልባሉን ይደብቃል። የኢታኖል ነበልባል ፈዛዛ ሰማያዊ ስለሆነ በቀን ብርሃን በደንብ አይታይም። ነፋስ ወደ ሳህኑ ግርጌ ሲገፋው ደግሞ ጨርሶ የጠፋ ይመስላል።
* ተኑን ይወስዳል። ኢታኖል 13 ዲግሪ ሴልሺየስ (55 ፋራናይት ገደማ) ሲደርስ ለመቀጣጠል የሚበቃ ተን ያወጣል። በሊልበርን ይህ ተራ የመጋቢት ቀን ነው። ተኑ ከአየር ስለሚከብድ ዝቅ ብሎ ይሄዳል፤ ነፋስም ወደ ሻማ ወይም ወደ ከሰል ሊያደርሰው ይችላል።
* እሳቱን ሊያባብስ ይችላል። አዲስ አየር ያቀብለዋል። ያጋደመው ነበልባልም የማንደጃውን ጠርዝ ያግላል፤ ፈሳሹም በፍጥነት ይተናል። ኃይለኛ ነፋስ እሳቱን በእርግጥ ቢያጠፋው እንኳ የጋለው ማንደጃ ተን ማውጣቱን ይቀጥላል።

በአፓርታማ በረንዳና በሕንጻ ጥግ ነፋስ ይሽከረከራል፤ አቅጣጫውን በድንገት ይለውጣል። ስለዚህ «ከነፋሱ ጀርባ ተቀምጫለሁ» ማለት ዋስትና አይሆንም።

ነዳጅ መጨመር ለምን ይገድላል?
ያልታየ ትንሽ ነበልባል ካለ፣ ከጠርሙሱ የሚወርደውን ፈሳሽ ተከትሎ ወደ ላይ ይወጣል። በጠርሙሱ ውስጥ ያለው ተን ሲቀጣጠል የሚነድ ፈሳሽ በአፉ በኩል ተተኩሶ ይወጣል። ብዙውን ጊዜ የሚመታው ነዳጁን የሚቀዳውን ሰው ብቻ ሳይሆን ፊት ለፊት የተቀመጠውን እንግዳ ወይም ልጅ ነው።

የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽን በታኅሣሥ 2024 (እ.ኤ.አ.) እነዚህን ማንደጃዎች ወዲያውኑ መጠቀም እንዲቆም አስጠንቅቋል። ከ2019 ጀምሮ 2 ሰዎች መሞታቸውንና ቢያንስ 60 መጎዳታቸውን ገልጿል። የፈሰሰው ነዳጅ እሳት ከ1,600 ፋራናይት በላይ ሊሞቅና ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ጥልቅ ቃጠሎ ሊያደርስ ይችላል።

«በአገር ቤት በኢታኖል ይበሰል የለም?»
አዎ። በጅጅጋ አቅራቢያ በሚገኘው የቀብሪበያህ የስደተኞች ካምፕ ቤተሰቦች በኢታኖል ምድጃ አብስለዋል። በዚያ ምድጃ ግን ኢታኖሉ በጣሳው ውስጥ ባለ እንደ ጥጥ ያለ ነገር ተመጦ ይቀመጣል፤ ቢገለበጥም አይፈስም። የጌጥ ማንደጃው ግን ክፍት ሳህን ላይ የተንጣለለ ፈሳሽ ነው። ነፋስ ወይም የሰው ክንድ ሲገፋው የሚነደው ፈሳሽ ራሱ ይፈሳል።

ምን ያድርጉ?
* ፈሳሽ አልኮል እየተቀዳበት የሚነድ ክፍት ማንደጃ ካለዎት መጠቀም ያቁሙ። ለሌላ ሰው አይስጡ፤ አይሽጡ።
* ለቡና ከሰል ሲያቀጣጥሉ አልኮል ወይም ቤንዚን በፍጹም አያፍሱበት። ከሰልን ቤት ውስጥ አያንድዱ፤ ጋዙ ሽታ ሳይኖረው ይገድላል።
* የተረፈውን ነዳጅ ክዳኑን ገጥመው ከሙቀትና ከልጆች ያርቁ። ወደ ቧንቧ አይድፉት፤ አደገኛ የቤት ቆሻሻ ወደሚሰበሰብበት ቦታ ይውሰዱት።
* እሳት ከተነሳ ማንደጃውን አያንሱ፤ በአፍዎ አይንፉ። መክደኛው በእጅዎ ካለና ሳይጠጉ መድፈን ከቻሉ ብቻ ይድፈኑት። ካልሆነ ሰዎችን ይዘው ይራቁና 911 ይደውሉ።

ሰው ከተቃጠለ
1. ልብሱ ከያዘ አይሩጥ። መሬት ላይ ተኝቶ ይንከባለል፤ ወይም በወፍራም ብርድ ልብስ ይሸፍኑት።
2. ቃጠሎውን በቀዝቃዛ የቧንቧ ውኃ ለ20 ደቂቃ ያቀዝቅዙ። በረዶ አይጠቀሙ።
3. ቀለበት፣ አምባርና ሰዓት ሳያብጥ በፊት ያውልቁ። ቆዳ ላይ የተጣበቀ ልብስ ግን አይጎትቱ።
4. ቅቤ፣ ማር፣ ሊጥ፣ እንቁላል ወይም የጥርስ ሳሙና አይቀቡ። በንጹህ ጨርቅ ብቻ ይሸፍኑ።

911 የሚደውሉት መቼ ነው?
ቃጠሎው ፊት፣ እጅ፣ እግር፣ መገጣጠሚያ ወይም ብልት ላይ ከሆነ፤ ከተጎጂው መዳፍ ከሰፋ፤ ቆዳው ከነጣ ወይም ከጠቆረ፤ ድምፅ ከሻከረ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ፤ የተጎዳው ሕፃን ወይም አዛውንት ከሆነ። አልኮል ነዳጅ የጠጣ ልጅ ካለ ወደ መርዝ መረጃ ማዕከል በ1-800-222-1222 ይደውሉ። ልጁ ከደከመ ወይም መንቃት ካቃተው 911 ይደውሉ።

እንግሊዝኛ ባይችሉም ይደውሉ። «ፋየር» ይበሉ፣ አድራሻዎን ይናገሩ፣ ከዚያ «አማሪክ» ብለው አስተርጓሚ ይጠይቁ። ኢንሹራንስ ወይም የመኖሪያ ወረቀት ባይኖርዎትም የሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሊመረምርዎትና አስቸኳይ ሕክምና ሊሰጥዎት በሕግ ይገደዳል። ሂሳቡን ወይም ወረቀቱን ፈርተው ቤት አይቆዩ።